ኮሰረት፦ በቁራጭ ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚሻገረው ባለ መዓዛ ቁጥቋጦ

ቅቤ የሚነጠርበትን ቀን ከቤተሰቡ ሌላ ጎረቤትም ያውቀዋል። ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ አብሹና ጥቁር አዝሙዱ እሳት ላይ ካለው ቅቤ ጋር ሲገናኙ ከአጥር አልፎ የሚሄደው መዓዛ ምን እየተሠራ እንደሆነ ያሳብቃል። በዚያ መዓዛ ውስጥ ቀለል ያለ፣ የአበባና የሎሚ ልጣጭ ሽታ በአንድነት የሚያስታውስ አንድ ጠረን አለ፤ የኮሰረት ነው። በተለይ በጉራጌ ማዕድ ክትፎን ያለ እርሱ ማሰብ ለብዙዎች ይከብዳል።

ይሁንና ደረቁን ቅጠል ከመርካቶ፣ ከናይሮቢው ኢስሊ ወይም ከዋሽንግተን ዙሪያ ካሉ የሐበሻ ሱቆች በፌስታል የሚገዙ ብዙ ሰዎች ተክሉን በቁሙ አይተውት አያውቁም። አንዳንዶች የሣር ዘመድ ይመስላቸዋል፤ ሌሎች እንደ በሶብላ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል አድርገው ይገምቱታል። ኮሰረት ግን ለዓመታት የሚቆይ፣ ግንዱ የሚጠነክር፣ ጥቃቅን አበቦች የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈውም በአብዛኛው በዘር ሳይሆን ከአንድ ጓሮ ተቆርጦ ሌላ ጓሮ በመተከል ነው። ጓሮዎች በሚጠፉበት በዚህ ዘመን የኮሰረትን ዕጣ አሳሳቢ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ከአድዋ ስም፣ ከሰናር ሞት

ሳይንሳዊ ስሙ ‘ሊፒያ አዶኤንሲስ’ ይባላል። ‘አዶኤንሲስ’ የሚለው ቃል አድዋን ያመለክታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰሜን ኢትዮጵያን ዕፅዋት በስፋት ሰብስቦ ወደ አውሮፓ ይልክ የነበረው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር የኖረው በትግራይ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ስም ከወጣላቸው የኢትዮጵያ ተክሎች ብዙዎቹ የአድዋን ወይም የሰሜንን ተራሮች ስም የያዙት በዚሁ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ስም፣ ‘ሊፒያ’፣ የባሰ አሳዛኝ ታሪክ አለው። አውጉስታን ሊፒ የተባለው ወጣት የተፈጥሮ ተመራማሪ ከፈረንሳይ ንጉሥ ወደ ጎንደር ቤተ መንግሥት ከተላከው መልእክተኛ ጋር ሲጓዝ፣ እ.አ.አ. በ1705 ዛሬ ሱዳን ውስጥ በምትገኘው ሰናር ከጓደኞቹ ጋር ተገደለ። ኢትዮጵያን ሳያይ ቀረ፤ ስሙ ግን በኢትዮጵያ ቅቤ ውስጥ ከሚገባ ቅጠል ጋር ተጣብቆ ቀረ። ስሙ መጀመሪያ የወጣው ለሌሎች የወገኑ ተክሎች ስለነበር ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው።

ለአትክልተኛ ከነዚህ ስሞች ይበልጥ የሚጠቅመው ሕዝቡ ራሱ ያወጣው ልዩነት ነው። በአማርኛ ‘ከሴ’ የሚባለውና በአፋን ኦሮሞ ‘ኩሳዬ’ በመባል የሚታወቀው ዓይነት በየቁጥቋጦው፣ በየገደላ ገደሉና በየማሳው ዳር በራሱ የሚበቅለው የዱር ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሻካራ፣ ሽታውም ጠንከር ያለ በመሆኑ ከማዕድ ይልቅ የእንጨት ዕቃና የወተት መያዣ ማጠቢያ ሆኖ ኖሯል። ‘ኮሰረት’ የሚባለው ደግሞ ሰው መርጦ፣ ወደ ግቢው አስገብቶ፣ ለጣዕሙ ያሳደገው ነው። የዕፅዋት ሊቃውንትም ልዩነቱን ተቀብለው የጓሮውን ዓይነት በአማርኛ ስሙ ‘ኮሰረት’ ብለው መዝግበውታል። ሁለቱ በመልክ ይቀራረባሉ፤ በአፍንጫ ግን ይለያያሉ። የጓሮው ኮሰረት ዘይት ዋና ክፍል ‘ሊናሎል’ የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ይኸው ንጥረ ነገር በድምብላል ፍሬና በላቬንደር አበባ ውስጥም ይገኛል። የከሴው ዘይት ይዘት ከዚህ የተለየ ነው።

ችግኝ ፈላጊ ከገበያ ወይም ከመንገድ ዳር ያገኘውን ከመትከሉ በፊት ቅጠሉን በጣቱ አሽቶ ማሽተት ያለበት ለዚህ ነው። ደረቅ ኮሰረት በቤት ካለ ጎን ለጎን ማሽተት ከማንኛውም የመለያ መጽሐፍ ይበልጣል።

ልጅ ሳይሆን ያው ተክል

ከዘር የሚበቅል ተክል የእናትና የአባቱ ቅልቅል ነው። ከቁራጭ የሚበቅል ግን የተቆረጠበት ተክል ራሱ ነው፤ ሥር የሰደደው በሌላ ቦታ ነው እንጂ ባሕርዩ አልተለወጠም። አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጓሮ ቆርጣ የወሰደችው ኮሰረት፣ እናቷም ከእናቷ የወሰደችው ከሆነ፣ ሦስቱም ሴቶች ቅቤያቸውን ያነጠሩት በአንድ ተክል ቅጠል ነው ማለት ይቻላል።

ይህ አካሄድ ጥቅሙም ጉዳቱም ግልጽ ነው። ጥቅሙ፣ የተወደደው መዓዛ ሳይበረዝ መተላለፉ ነው። ዘሩ ቢዘራና በአቅራቢያው ከሴ ካለ፣ የሚበቅለው ችግኝ የቱን ሽታ ይዞ እንደሚመጣ ዋስትና የለም። ጉዳቱ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ተክል እንደ ጤፍ ወይም እንደ ገብስ በከረጢት ታሽጎ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ አለመሆኑ ነው። ሕያው ሆኖ የሚኖረው አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ እስካሳደገው ድረስ ብቻ ነው። አንድ ሰፈር ሲፈርስ በውስጡ የነበረው የተለየ ኮሰረት ቁራጩ ለማንም ሳይሰጥ ከቀረ አብሮ ይጠፋል።

ኮሰረት ለዘመናት የኖረው በእንሰት፣ በቡናና በጎመን መካከል፣ ብዙ ጊዜ ከማዕድ ቤቱ በር በማይርቅ ቦታ ነው። ጠባቂዎቹም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በደቡብና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የገጠር ጓሮ ውስጥ ዛሬም ከጤና አዳም ጎን ቆሞ ይታያል። በከተማ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እ.አ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ገብተዋል፤ አሮጌ መንደሮችም ለመልሶ ማልማት ሲነሱ ቤቱ በካሳ ይተመናል፤ የኮሰረቱን ቁጥቋጦ ግን የሚተምነው የለም። ዕቃ ሲጫን አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ በእርጥብ ጨርቅ የመጠቅለል ሐሳብ ለብዙዎች የሚመጣላቸው ከወራት በኋላ፣ ቅቤ የሚነጠርበት ቀን ሲደርስ ነው።

በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የወንዶ ገነት ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ተክሎች ላይ ይሠራል። የምርምር ጣቢያ ማሳ ግን በሺህ ጓሮዎች ውስጥ የኖረውን ሁሉ ሊይዝ አይችልም።

የወፍ ቆሎን የሚተካ

በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ለአጥርና ለጌጥ ከሚተከሉ ቁጥቋጦዎች አንዱ ‘ላንታና’፣ በአማርኛ የወፍ ቆሎ የሚባለው ነው። በአንድ አበባ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሮዝ ቀለም ስለሚያሳይ ዓይን ይስባል። ትውልዱ ከአሜሪካ ሞቃታማ ክፍል ሲሆን፣ በጌጥነት ገብቶ ዛሬ በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛኒያ የግጦሽ መሬት ከሚወርሩ መጤ ዕፅዋት ተርታ ተሰልፏል። ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በየሄዱበት ይበትኑታል። ቅጠሉን የሚበሉ ከብቶች ጉበታቸው ይጎዳል፤ ቆዳቸውም በፀሐይ ይቃጠላል።

ኮሰረት የዚሁ የወፍ ቆሎ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው። የኮሰረት አበባ የዘመዱን ያህል አያብለጨልጭም። ከነጭ እስከ ቀላል ሐምራዊ ቀለም ያላቸው ጥቃቅን አበቦች በቅጠሉና በግንዱ መጋጠሚያ ላይ እንደ ትንሽ ጉብታ ተጠጋግተው ይወጣሉ። ንቦች ግን ይወዱታል፤ ያበበ ኮሰረት ያለበት ጓሮ ጠዋት ላይ ድምፅ አለው። ለጌጥ ሲሉ ወራሪ ተክል ለሚያስገቡ ሰዎች የአገሩ ተወላጅ የሆነ፣ የሚሸት፣ የሚበላና ጎረቤት መሬት የማይወር አማራጭ በእጃቸው አለ ማለት ነው።

ሁለቱን ማምታታትም አደጋ ስላለው ልዩነታቸውን ማወቅ ይገባል። የወፍ ቆሎ ግንድ ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ጥቃቅን እሾህ አለው፤ ሲበስልም ጥቁር የሚሆን ሥጋማ ፍሬ ያፈራል። ኮሰረት እሾህም ሥጋማ ፍሬም የለውም።

ቁራጩን መትከል

ኮሰረት የሚስማማው ከባህር ጠለል በላይ ከ1600 ሜትር ግድም ጀምሮ ያለው የወይና ደጋ አየር ነው። ናይሮቢ በዚህ ክልል ውስጥ ትወድቃለች፤ ከ2300 ሜትር በላይ ያሉት አዲስ አበባና አስመራም ተክሉን ከውርጭ እስከጠበቁት ድረስ ያሳድጉታል። እንደ ጅቡቲና ካርቱም ባሉ ቆላማ ከተሞች የሚተክል ሰው ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያገኝበትን ቦታ መምረጥና ውሃ ማዘውተር ይኖርበታል።

የተሻለው የመትከያ ጊዜ ዋናው ዝናብ ሲጀምር ነው፦ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ሰኔ፣ በኬንያ ደግሞ ረጅሙ ዝናብ የሚገባበት መጋቢትና ሚያዝያ። ውሃ የሚያጠጣ እጅ ካለ በሌላ ጊዜም ይሆናል፤ በበጋው ጠራራ ግን ባይሞከር ይመረጣል።

ለቁራጭነት የሚመረጠው ጫፉ ላይ ያለው ለጋ ቀንበጥ አይደለም፤ እርሱ ይበሰብሳል። ከሥር ያለው ያረጀ እንጨትም ሥር ለመስደድ ይለግማል። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ሲታጠፍ ትንሽ ተቋቁሞ የሚሰበረው ክፍል ነው የሚፈለገው። ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በስለታም ቢላ ወይም መቀስ ከአንጓ ሥር ይቆረጣል። የታችኞቹ ቅጠሎች ተነቅለው ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ቅጠል ብቻ ይተዋል፤ ቅጠሉ ትልቅ ከሆነም ግማሹ ይቆረጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሥር የሌለው ቁራጭ በቅጠሉ የሚያጣውን ውሃ መተካት አይችልም።

ቢያንስ ሁለት አንጓዎች አፈር ውስጥ እንዲገቡ ተደርጎ፣ ትንሽ ዘንበል ብሎ ይተከላል፤ ሥር በቀላሉ የሚወጣው ከአንጓ አካባቢ ነውና። አፈሩ አሸዋ የተቀላቀለበትና ውሃ የማይቋጥር መሆን አለበት። ጥቁር መረሬ አፈር ያለበት ግቢ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ግድ ይላል፤ ኮሰረትን ከድርቅ ይልቅ ሥሩ ላይ የተኛ ውሃ ይገድለዋል። ጥሬ ፍግ በዚህ ደረጃ መጨመር ቁራጩን ያቃጥለዋል፤ ብስባሽ የሚጨመረው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው። ቁራጩ በመጀመሪያው ሳምንት ጠውልጎ ቅጠሉን ሊያረግፍ ይችላል፤ ይህን አይቶ የሚነቅል ሰው ብዙ ነው። ግንዱ አረንጓዴነቱን እስካልለቀቀ ድረስ ተስፋ አለው። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ አዲስ ቅጠል ብቅ ሲል ሥር መያዙ ይታወቃል። ሥሩ ወጥቶ እንደሆነ ለማየት በየቀኑ መሳብ ግን የወጣውን መበጠስ ነው። አንድ ብቻ ከመትከል አምስት ስድስት መትከል ይሻላል፤ የተረፈውን ጎረቤት አይጠላውም።

በቋሚ ቦታው ሲተከል በተክሎች መካከል ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ይተዋል። ፀሐይ በበዛ ቁጥር ቅጠሉ ይበልጥ ይሸታል፤ ጥላ ውስጥ ያደገ ኮሰረት ረዝሞ፣ ሰልሎ፣ መዓዛው ደብዝዞ ይታያል።

በሰገነት ላይ

መሬት የሌለው ሰው ኮሰረት አይከለከልም። ባለ 20 ሊትር ቢጫ የዘይት ጄሪካን ከመሐሉ ተቆርጦ፣ ታችኛው ክፍል በጋለ ብረት ተበስቶ፣ ከሥሩ ጠጠር ቢደረግበት ለአንድ ቁጥቋጦ በቂ ነው። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋና አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ ቢቀላቀል ይስማማዋል። ሰገነቱ በቀን አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ፀሐይ ማግኘት አለበት። ውሃ የሚጠጣው ጣት ሲሰደድ ላይኛው አፈር ደርቆ ሲገኝ እንጂ በቀን መቁጠሪያ አይደለም። የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነዋሪ ከታች ያለውን ጎረቤት ልብስ እንዳያበሰብስ ከዕቃው ሥር ሰፌድ መሰል ማቆሪያ ቢያስቀምጥ ሰላም ይገኛል።

ሳይገረዝ የተተወ ኮሰረት ከሰው ቁመት ሊበልጥ ይችላል፤ ታችኛው ክፍሉም ቅጠል አልባ እንጨት ይሆናል። ችግኙ አንድ ስንዝር ተኩል ሲደርስ ጫፉን መቀንጠስ ጎን ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ መከሩ ራሱ ግረዛ ነው። በአንድ ጊዜ ከተክሉ ሲሶ በላይ መቁረጥ ግን ያዳክመዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግንዱ ሲያረጅ ከራሱ ላይ አዲስ ቁራጭ ወስዶ መተካት የተለመደ ነው።

ቅጠሉ ከጥላ፣ ቅቤው ከእሳት

መዓዛው ያለው በቅጠሉ ገጽ ላይ ባሉ በዓይን የማይታዩ የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። ሲታሹ ይፈነዳሉ፤ ሲግሉም ዘይቱ ይተንናል። ስለዚህ ቅጠሉ የሚለቀመው ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ነው። የሚደርቀውም ነፋስ በሚገባበት ጥላ፣ በሰፌድ ላይ ሳስቶ ተሰጥቶ ነው። በጣራ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ኮሰረት ቶሎ ይደርቃል፤ ሽታው ግን ለጎረቤት ሄዷል። ሲጨበጥ ኮሽ ብሎ የሚሰበረው ቅጠል ሳይፈጭ፣ በሙሉው፣ ክዳኑ በሚገጥም ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከብርሃን ርቆ ይቀመጣል። ዱቄቱ ቶሎ ስለሚያረጅ የሚፈጨው በሚፈለግበት ቀን ነው።

ለቅቤ ደረቁ የሚመረጥበትም ምክንያት አለ። ቅቤ የሚነጠረው ውሃውን ለማስወጣት ነው፤ ድስቱ መንጫጫቱን ሲተው ውሃው አልቋል ማለት ነው። እርጥብ ቅጠል ያንኑ ውሃ መልሶ ያስገባል፤ ውሃ የቀረበት ቅቤም ቶሎ ይበላሻል። ሊናሎል በስብ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ የደረቀው ቅጠል መዓዛውን ለቅቤው ያስረክብና በማጥለያው ላይ ይቀራል። በላቦራቶሪ የተደረጉ ምርመራዎች የቅጠሉ ጭማቂ ስብ ከአየር ጋር ተገናኝቶ እንዳይሻግት የሚያዘገዩ ንጥረ ነገሮች እንዳሉት አሳይተዋል። በባህል ለሆድ ሕመምና ለጉንፋን ይጠቀሙበታል፤ በሰው ላይ የተረጋገጠ መድኃኒት አድርጎ መሸጥ ግን ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው።

ከአገር ውጭ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ብዙዎች አገር ቤት ደርሰው ሲመለሱ አንድ ቅርንጫፍ በሻንጣ ለመያዝ ይፈተናሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.አ.አ. ከታኅሣሥ 14 ቀን 2019 ጀምሮ ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ ማንኛውም የሚተከል ዕፅ፣ በተጓዥ ሻንጣም ቢሆን፣ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ያስገድዳል። አሜሪካም ለሚተከል ዕፅ ተመሳሳይ ወረቀት ትጠይቃለች። ወረቀት የሌለው ቁራጭ በአውሮፕላን ማረፊያ ይወረሳል፤ ቅጣትም ሊያስከትል ይችላል። ደንቡ የወጣው አፈርና ግንድ ተጣብቀው የሚሻገሩ ተባዮችን ለመከላከል ነው። ቀናው መንገድ በሚኖሩበት አገር ተክሉን አስቀድሞ በሕጋዊ መንገድ ያስገባ ወይም የሚያራባ ሰው ማፈላለግ ነው።

ያገኘ ሰው በዕቃ ውስጥ ቢተክለው ይሻላል፤ ኮሰረት በረዶ አይችልም። በጋውን ውጭ በሙሉ ፀሐይ ላይ ይከርማል፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መውረድ ሲጀምር ወደ ቤት ይገባል፤ በደቡብ በኩል ባለ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ውሃ ይቀነስለታል። በዚያ ወቅት ቅጠሉን ሊያራግፍ ይችላል። ግንዱን በጥፍር ሲፍቁት ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ አልሞተም፤ ቀኑ ሲረዝም ያቆጠቁጣል። ለጥንቃቄ ግን ተክሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት፣ በነሐሴ ማለቂያ ግድም፣ ሁለት ቁራጭ ወስዶ በትንሽ ዕቃ ማስቀመጥ፣ አንዱንም ሌላ ሰው ቤት ማሳደር ይመከራል።